ቢ እና ሲ የሚያመጣ ልጅ የት ይማር?

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለወላጆችና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በመካከላችን አንድ ልጅ ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወሬው ሳይውል ሳያድር ቤተ ክርስቲያኑንም፣ መስጊዱንም፣ ዕድሩንም ያዳርሳል። ደስ የሚል ነገር ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ግን ወሬ ስለማይወራለት ልጅ ልናገር ነው። ቢ እና ሲ የሚያመጣ፣ በአልጀብራ አንዴ ዲ ያገኘ፣ ጂፒኤው 2.6 ወይም 2.9 ላይ የቆመ ልጅ። ሰው "የት የት አመለከተ?" ብሎ ሲጠይቅ እናቱ ጨዋታ የምትቀይርበት ልጅ። በየቤታችን ካለው ልጅ አብዛኛው ይኸው ነው፤ ምክር በማግኘት በኩል ግን ከሁሉም ወደ ኋላ የቀረው እሱ ነው። ጎበዙን ትምህርት ቤቱም ይኮራበታል፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ደብዳቤ ይልኩለታል። የወደቀውን ካውንስለሩ ጠርቶ ያነጋግረዋል። መሐል ያለውን የሚጠራው የለም።

መጀመሪያ መሐል የሚባለው የት እንደሆነ በቁጥር እንየው። የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት በ2019 ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ ተማሪዎችን ትራንስክሪፕት በናሙና መርምሮ አማካይ ጂፒኤው 3.11 መሆኑን አገኘ። በ1990 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት 2.68 ነበር። እንግዲህ ቢ ማምጣት የአገሩ ልጅ በአማካይ የሚያመጣውን ማምጣት ነው፤ 2.7 ያለውም ከአማካዩ ዝቅ ያለ እንጂ ተስፋ የሚቆረጥበት ልጅ አይደለም። የኮሌጆቹን ወገን ደግሞ እንይ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል የ1,364 የአራት ዓመት ኮሌጆችን የ2017 መረጃ አይቶ እንደዘገበው፣ ከግማሽ የሚበልጡት ኮሌጆች ከአመልካቾቻቸው ሁለት ሦስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ይቀበላሉ። ከመቶ አመልካች አሥር እንኳ የማይቀበሉት 17 ብቻ ነበሩ። ቡና ስንጠጣ ስማቸውን እየደጋገምን የምናነሳው እነዚያን ጥቂቶቹን ነው።

ስለዚህ ለመካከለኛ ልጅ ኮሌጅ መግባቱ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው የጀመረውን መጨረስ፣ ሲጨርስም ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ አለመክተት ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚህ ይነሳል፦ አንድን ኮሌጅ "ስንቱን አመልካች መለሰ?" ብላችሁ አትመዝኑት። "እንደ ልጄ ያሉትን ተቀብሎ ስንቱን አስመረቀ? በምን ያህል ወጪ?" ብላችሁ መዝኑት።

ይህን መቀበል የሚከብደን ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኞቻችን ያደግነው አንድ ፈተና የሕይወትን መንገድ በሚወስንበት ሥርዓት ነው። ማትሪክ ተፈትነን፣ ነጥባችን በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ መንግሥት የመደበን ቦታ ሄደናል፤ ያልመጣለት ቤቱ ቀርቷል። ዛሬም ያው ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰደው ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለ አገር ያደገ ወላጅ በቀላሉ የሚገባበት ትምህርት ቤት የተናቀ ትምህርት ቤት ቢመስለው አልፈርድበትም። እዚህ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከሚያመለክቱት አብዛኞቹን ይቀበላል፤ ይሁንና በምርምር ሥራ በአሜሪካ ከፍተኛው እርከን ላይ ከተመደቡት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ሪችመንድ ያለው ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲም (ቪሲዩ) እንዲሁ።

"ስም ግን ሥራ ያስገኛል" የምትሉኝ አላችሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2002 ያወጡት የታወቀ ጥናት ይህንኑ መርምሯል። ተመሳሳይ ኮሌጆች አመልክተው ተመሳሳይ ቦታ የተቀበሏቸውን ተማሪዎች ወስደው፣ ስም ያለው ውስጥ የተማሩትን ስም ያለውን ትተው ሌላ ቦታ ከሄዱት ጋር አነጻጸሩ። ከዓመታት በኋላ የሁለቱ ደመወዝ በአማካይ ብዙም ልዩነት አልነበረውም። ገንዘቡን ያመጣው የልጁ የራሱ ችሎታና ትጋት ነበር ማለት ነው። ግን ሙሉውን እውነት ልንገራችሁ። እነዚሁ ባለሙያዎች በኋላ ባወጡት ሥራ፣ ለጥቁርና ለሂስፓኒክ ተማሪዎች እንዲሁም ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩ ልጆች ስሙ ጥቅም እንደነበረው አሳይተዋል። ይህ እኛን ይመለከታል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ የሚያውቀው ሰው የሌለው ልጅ ከትልቁ ኮሌጅ የሚያገኘው ሰው ማወቅን ነው፤ የሚመክረውን፣ ለልምምድ ሥራ የሚያገናኘውን፣ ደብዳቤ የሚጽፍለትን። ስለዚህ ለመካከለኛ ልጃችን ኮሌጅ ስንፈልግ ይህን ነገር የሚሰጥ ትምህርት ቤት መፈለግ አለብን። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ አለ።

አንዱን ልንገራችሁ። አትላንታ ያላችሁ ዘመዶች የምታውቁት ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2003 ከመቶ ተማሪው በስድስት ዓመት ውስጥ የሚመረቅለት 32 ብቻ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ሆነ። ይህን ያደረገው የመግቢያ ነጥቡን ከፍ አድርጎ ደካማውን በማስቀረት አይደለም፤ እንዲያውም በእነዚያ ዓመታት ከድኻ ቤት የሚመጣው ተማሪ በዛ። ያደረገው ነገር መረጃውን ቁጭ ብሎ ማየት ነበር። በሜጀሩ የመጀመሪያ ኮርስ ሲ ያመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ እንደማይመረቅ ተገነዘቡ። ድሮ "ሲ ያሳልፋል" ተብሎ ዝም ይባል ነበር። ከ2012 ጀምሮ ከ800 በላይ እንዲህ ያሉ ምልክቶችን በኮምፒውተር በየቀኑ እየተከታተሉ፣ ምልክቱ የታየበትን ተማሪ አድቫይዘር ደውሎ እንዲጠራው አደረጉ። ሊመረቅ ጥቂት ቀርቶት በጥቂት መቶ ዶላር ውዝፍ ከምዝገባ የሚሰረዝ ተማሪ ብዙ መሆኑንም አዩና ያችን ቀዳዳ የሚደፍን አነስተኛ ድጎማ አቋቋሙ። ውጤቱ በጣም የሚገርም ነው፤ ጥቁር ተማሪዎቻቸውና መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች የሚሰጠውን ፔል ግራንት የሚቀበሉት የሚመረቁበት መጠን ከዩኒቨርሲቲው አማካይ አላነሰም። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ2016 ፔሪሜተር ኮሌጅን ከራሱ ጋር ቀላቅሏል፤ ብዙ የአገራችን ልጆች በሚኖሩበት ክላርክስተን ቅርንጫፍ አለው።

ኮሌጅ ልትጎበኙ ስትሄዱ እንግዲህ ጂሙንና የመኝታ ክፍሉን ካያችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ "ልጄ በአምስተኛው ሳምንት ፈተና ቢወድቅ ማን ያውቃል? ማንስ ይደውልለታል?" መላሹ የሰው ስምና የቢሮ ቁጥር ከጠቀሰ ጥሩ ነው። "ተማሪዎች እርዳታ ከፈለጉ መጥተው መጠየቅ ይችላሉ" ከተባላችሁ ግን አስቡበት። የእኛ ልጆች መጥተው አይጠይቁም። "አፍራለሁ" ይላሉ፤ ማፈርንም ያስተማርናቸው እኛው ነን።

መረጃውን ቤት ሆናችሁ ልታዩ ትችላላችሁ። መንግሥት ያወጣው ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባል የመረጃ ገጽ አለ። ኮሌጅ ናቪጌተር የሚባል ሌላም አለ። የኮሌጁን ስም ስትጽፉ ስንቱ እንደሚመረቅ፣ እንደ እናንተ ያለ ገቢ ያለው ቤተሰብ በአማካይ ስንት እንደሚከፍል ያሳያል። ከፔል ግራንት ተቀባዮች ስንቱ እንደሚመረቅ ለብቻው ተጽፏል፤ እሷን ቁጥር ፈልጉ። በመግቢያ ነጥብ የሚተካከሉ ሁለት ኮሌጆች እዚያ ላይ ሰማይና ምድር ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ልጃችሁን አስቀምጣችሁ አብራችሁ እዩት፤ እንግሊዝኛው ቢያስቸግራችሁም ቁጥሩ አያስቸግርም።

አሁን ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልምጣ። ብዙ ወላጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠራው። እዚህ አካባቢ ላለን ሰዎች ግን ከሁሉ የተሻለው መንገድ ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ። ሞንጎመሪ ኮሌጅ ሮክቪል፣ ጀርመንታውንና ታኮማ ፓርክ አለ። የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ኖቫ፣ ከአሌክሳንድሪያና ከአናንዴል እስከ ማናሳስና ውድብሪጅ ተዘርግቷል። ሁለቱም ልጁን በጂፒኤው ምክንያት አይመልሱትም። ከፍተኛው የፔል ግራንት፣ በ2025–26 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር፣ የአካባቢው ነዋሪ በዓመት የሚከፍለውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል።

ነገር ግን ጨለማውንም አልደብቅም። በአገር አቀፍ ደረጃ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚጀምሩት መቶ ተማሪዎች ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ የሚሻገሩት ሲሶ ያህሉ ናቸው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለር ዲግሪ የሚይዙት ደግሞ 16 ገደማ። ሲጀምሩ ግን አብዛኞቹ ዲግሪ ፈልገው ነበር። የት ጠፉ? አንዱ መልስ ክሬዲት ነው። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 እንዳወጣው፣ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ የሚዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ያህል ክሬዲታቸውን ያጣሉ። አስቡት፤ ልጁ ሌሊት ዩበር እየነዳ፣ ቀን እየተማረ ያጠራቀመው ኮርስ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህሉ "አንቀበለውም" ሲባል። በእንዲህ ያለ ነገር የተሰበረ ልጅ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

መፍትሔው መሻገሪያውን ከመጀመሪያው ቀን አስሮ መጀመር ነው። በቨርጂኒያ ኖቫና ጆርጅ ሜሰን በ2018 የጀመሩት አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ልጁ ኖቫ ሲጀምር በየትኛው ሜጀር ሜሰን እንደሚጨርስ ይወስናል፤ የሚወስዳቸው ኮርሶች ዝርዝር እስከ ምረቃ ድረስ ተጽፎ ይሰጠዋል፤ ከሁለቱም ወገን የሚከታተለው አንድ አማካሪ ይመደብለታል፤ ሲሻገር እንደገና አያመለክትም። በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ኮሌጅ የሚማር ልጅ ኤምታፕ በሚባለው ስምምነት ኮሌጅ ፓርክ ወዳለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሊያልፍ ይችላል። ሮክቪል ደግሞ ሼዲ ግሮቭ አለ፤ ይህን ቦታ ብዙ ወላጅ በመኪና እያለፈበት እንኳ ምንነቱን አያውቅም። የሜሪላንድ ዘጠኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ትምህርታቸውን እዚያ ይሰጣሉ። ልጁ ሁለት ዓመት ሞንጎመሪ ኮሌጅ ተምሮ፣ ከቤቱ ሳይወጣ ቀሪውን ሁለት ዓመት ሼዲ ግሮቭ ይጨርሳል፤ ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር የነርሲንግ ትምህርት ቤትም እዚያ ያስተምራል። ለመካከለኛ ልጅ ከዚህ የተሻለ ዕድል ብዙ አላውቅም።

በአንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ልጁ ቤት ስለሚያድር ብቻ ትምህርቱን የትርፍ ሰዓት ሥራ አታስመስሉበት። ሦስት ኮርስ ጥሎ አርባ ሰዓት የሚሠራ ልጅ ከመቶው ባችለር ከሚይዙት 16ቱ ውስጥ ለመግባት በጣም ይቸገራል። ሥራ ይሥራ፤ ግን ሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ። ለእናቱ ቀጠሮ ማስተርጎምና ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት ማምጣት ካለበትም፣ የፈተናውን ሳምንት ለልጁ ልቀቁለት።

ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ በቀጥታ መሄድ የሚሻለው ልጅም አለ። ከሰፈሩ ወጥቶ አዲስ ሰው መሆን የሚያስፈልገው፣ ቤት ካደረ ደግሞ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር የሚቀር። ለእሱ ባልቲሞር ያለውን ሞርጋን ስቴት እዩ፤ በ1867 የተመሠረተ፣ ጥቁር መሐንዲሶችን በማፍራት የታወቀ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ቦዊ ስቴትም አለ። ቶውሰንን፣ ፍሮስትበርግን፣ ኦልድ ዶሚኒየንን፣ ራድፎርድን እዩ። ትናንሽ የግል ኮሌጆችንም በዋጋቸው ደንግጣችሁ አትለፏቸው። ሎረን ፖፕ የተባለ የትምህርት ጋዜጠኛ በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስማቸው ብዙ ሳይጠራ መካከለኛውን ተማሪ ተቀብለው ሰው የሚያደርጉ 40 ኮሌጆችን ለይቶ ነበር። ሥራውን የቀጠለው ማኅበር ከያዛቸው ኮሌጆች መካከል ማክዳንኤልና ጉቸር እዚሁ ሜሪላንድ ናቸው። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ መምህሩ ልጁን በስሙ ይጠራዋል። የተለጠፈው ዋጋ ያስፈራል፤ ሙሉውን የሚከፍል ግን ጥቂት ነው። ከ2011 ጀምሮ እያንዳንዱ ኮሌጅ እውነተኛውን ክፍያ የሚገምት ማስያ በገጹ ላይ እንዲያኖር በሕግ ተገዷል። ገቢያችሁን አስገብታችሁ አስሉት፤ አንዳንዴ ከመንግሥት ኮሌጁ ያነሰ ይመጣል።

ኮሌጁ የሚልከውን የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤ ስታነቡ ተጠንቀቁ። ፔል ግራንት አይመለስም። ልጁ በራሱ ስም የሚበደረው የፌዴራል ብድር በመጀመሪያው ዓመት ከ5,500 ዶላር አያልፍም፤ ይህ የሚቻል ነው። "ፓሬንት ፕላስ" የሚል መስመር ካያችሁ ግን እሱ እርዳታ አይደለም። በእናንተ ስም የሚጻፍ፣ ጡረታ እስክትወጡ ሊከተላችሁ የሚችል ዕዳ ነው። ከእርዳታው ጋር አብሮ ስለተደመረ ሰው ሳያስተውል ይፈርማል።

ለመካከለኛ ልጅ በየስልኩ የሚደውሉለት ለትርፍ የተቋቋሙ ኮሌጆችም አሉ። "ነገ ጀምር፣ በአጭር ጊዜ ሥራ ትይዛለህ" ይሉታል። ኮሪንቲያን ኮሌጅስ በ2015፣ አይቲቲ ቴክ በ2016 ሲዘጉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ዕዳ ይዘው ትምህርት አጥተው ቀሩ። የሚያጣድፋችሁን ኮሌጅ አትመኑት።

ማመልከቻው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ልጆቻችን ብዙ የሚያጡት እዚህ ነውና። ለብዙ ኮሌጆች በሚያገለግለው የጋራ ማመልከቻ፣ በኮመን አፕሊኬሽን፣ ልጁ ከክፍል ውጭ የሚሠራውን የሚዘረዝርበት ቦታ አለ። የእኛ ልጆች እዚያ ሲደርሱ "ምንም የለኝም፤ እግር ኳስ ቡድን ውስጥ የለሁም፣ ክበብ የለኝም" ይላሉ። አለህ እንጂ፣ ልጄ! ቅጹ ራሱ ከሚያቀርባቸው ምርጫዎች መካከል "ደመወዝ ያለው ሥራ" እና "የቤተሰብ ኃላፊነት" የሚሉ አሉ። ቅዳሜና እሁድ በአጎትህ ሱቅ ስትሠራ የኖርከው ይጻፋል። ለአያትህ ሐኪም ቤት ማስተርጎምህ፣ እናትህ ሌሊት ስትሠራ ታናሽ እህትህን አብልተህ ማስተኛትህ ይጻፋል፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነም ይጻፋል። ወላጆች ይህን እንደ ገመና አትዩት። "ችግራችንን ለፈረንጅ አታውራ" የምትሉ አላችሁ። የሚያነበው ሰው ሊፈርድባችሁ አይደለም፤ 2.8 ጂፒኤ በሳምንት ሃያ ሰዓት ከሚሠራ ልጅ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ መገንዘብ ይፈልጋል።

ትራንስክሪፕቱም ታሪክ ይናገራል። ዘጠነኛ ክፍል ከአዲስ አበባ መጥቶ እንግሊዝኛ ለሚለምዱ ተማሪዎች የሆነው ኢሶል ክፍል የገባ ልጅ ያን ዓመት ሲ ቢያመጣና አሥራ አንደኛ ክፍል ቢ ላይ ቢደርስ፣ አማካዩ ዝቅ ቢልም ጉዞው ወደ ላይ ነው። ተጨማሪ መረጃ በሚለው ቦታ መቼ እንደመጣ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስረዳ። ብዙ ኮሌጆች ከ2020 ወዲህ ኤስኤቲን ግዴታ አያደርጉም፤ ውጤቱ የማያግዘው ከሆነ እነሱ ጋር አይላከው። እናንተ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ክፍል ያላችሁ ደግሞ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳላችሁ አንድ የኮሌጅ ኮርስ ስለመውሰድ ካውንስለራችሁን ጠይቁ። ኮሌጅ ውስጥ የመጣች አንዲት ቢ ብዙ ትናገርላችኋለች።

ሜጀርን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ነርሲንግ ይፈልጋሉ። "ፕሪ ነርሲንግ" ተብሎ መግባት ነርሲንግ መግባት አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ማጣሪያ አለው፤ እዚያ የሚቀሩት ብዙ ናቸው። ገና ሳይመዘገብ "ከጀማሪዎቹ ስንቱ ነርሲንግ ክፍል ይገባል? ስንቱስ የነርስ ፈቃድ ፈተናውን፣ ኤንክሌክስን፣ ያልፋል?" ብላችሁ ጠይቁ። የማለፊያው መጠን በየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ በይፋ ይወጣል። ኮምፒውተር ሳይንስም በብዙ ዩኒቨርሲቲ እንዲሁ የራሱ ማጣሪያ አለው።

ቀኖቹን ጻፉ። ብዙ ኮሌጆች የመጀመሪያውን ዙር ማመልከቻ የሚዘጉት ኖቬምበር 1 ነው። የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻው፣ ፋፍሳ፣ በተለመደው ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ ዜጎችም ግሪን ካርድ ያላችሁም ትሞላላችሁ፤ ወላጅም ልጅም የየራሳቸውን መግቢያ ቀደም ብለው ይክፈቱ፣ እሱ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። የሜሪላንድ ስቴት እርዳታ የሚፈልግ እስከ ማርች 1 መጨረስ አለበት። ልጃችሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከሆነ ዛሬ ማታ ትራንስክሪፕቱን ከትምህርት ቤቱ ገጽ አውጥቶ ያትምላችሁ። ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ከጥያቄና መልሱ በኋላ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እጠብቃችኋለሁ፤ ልጁም አብሮ ይምጣ።